ገንዘቡ ከማን? ግንበኛው ከወዴት? ስለ ላስታ ቤትና ስለ ጥገናው ብድር

በአማርኛችን «ሥራ ተቋራጭ» የሚለው ስም ዕድሜው ብዙ አይደለም። ግሡ ግን የቆየ ነው። ዋጋ ቆረጠ፤ ቀን ቆረጠ፤ ቁርጡን ተነጋገሩ እንላለን። አንዱ ለሚሠራው፣ ሌላው ለሚከፍለው አስቀድመው ልክ ሲያበጁለት ተቋረጡ ይባላል። ያው ግሥ ዞሮ «ሥራው ተቋረጠ» ሲሆን ደግሞ ቆመ፣ ቀረ ማለት ነው። በዕድሜው አንድ ጊዜ ቤት ያሠራ ሰው ሁለቱ ፍች በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ማደራቸው ብዙም አይደንቀውም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ስለ ላስታ ሕንፃዎች የሚጻፈው አብዛኛው ወይ ስለ ንጉሡ ነው፤ ወይ ስለ ጥበቡ። ንጉሡ አዘዘ፤ ድንጋዩ ተፈለፈለ፤ ሌሊት ሌሊት መላእክት እየወረዱ አገዙ። ሥራው ካለቀ በኋላ ስለ መጣው ረጅም ዘመን፣ ማለት ስለ ጥገናው ግን ጥያቄ አይበዛም። ማን ከፈለ? ባለሙያውን ማን ፈልጎ አመጣው? ቢያበላሽስ ማን ይጠየቅ ነበር? እኛው የታሪክ ተማሪዎች እንኳ ለጥናት ርዕስ ስንመርጥ ያነጸውን እንጂ የጠገነውን አንፈልግም። የኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ ገንዘብ ሰጪውና ግንበኛው በሚተዋወቁበት ዘመን ቤት እየተጠገነ ይኖር ነበር። ገንዘቡ ከሩቅ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ግን አበዳሪው የሚያውቀው ግንበኛና ቤቱን የሚያውቀው ግንበኛ ሁለት ሰዎች ሆኑ።

ከአገሬ ልጀምር። ገነተ ማርያም ከላሊበላ ከተማ ብዙ አትርቅም፤ ስሟም ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍላ ከወጣችው ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ትውፊቱ ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 ለነገሡት ለዐፄ ይኩኖ አምላክ ነው፤ በውስጥ ግድግዳዋም ላይ የንጉሡ ሥዕል አለ። ዙሪያዋን በዓምዶች የተከበበች ስለሆነች የላሊበላውን ቤተ መድኃኔ ዓለምን ታስታውሳለች፤ ያኛው ግን ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል ነውና ይገዝፋል። ለዛሬው ወሬያችን ግን መጠኑ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የዚህ ዓይነት ቤት ጠባይ ነው። አለት ጠራቢ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ግንብ ቢጣመም አፍርሶ መገንባት ይቻላል፤ ከአለት የተፈለፈለ ዓምድ ቢሰበር ሌላ አይተከልለትም። ስለዚህ ሥራው ባለቀ ማግስት የሚቀረው ሥራ ጥገና ብቻ ነው። ድንጋዩም ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ለስላሳ ቀይ ድንጋይ ነው፤ ለመሮ እንደሚታዘዝ ሁሉ ለዝናብም ይታዘዛል። ክረምት ውሃው በስንጥቁ ይገባል፤ በጋ ይደርቃል፤ ስንጥቁ በየዓመቱ ጥቂት ይሰፋል።

ይህን ይጠብቅ የነበረው ገበዙ ነው። የገበዙ ገንዘብስ ከየት? ከመሬት ነው። ቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራት፤ መሬቱን የያዘው ሰው ቄስ ቢሆን ይቀድስበታል፣ ደብተራ ቢሆን ይዘምርበታል፣ አናጢና ግንበኛ ቢሆን በእጁ ሥራ ያገለግልበታል። እንግዲህ ባለሙያው ደመወዙን በየዓመቱ ከማሳው ያጭዳል ማለት ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ደግሞ «ግንበኛ የት ነው የምናገኘው?» የሚል ጥያቄ የለም። ግንበኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው የሚኖረው፤ ቢያበላሽም መሬቱን ይዞ የትም አይሸሽም። ሥርዓቱ ጻድቅ ነበር ለማለት አይደለም፤ ከገባሩ ጫንቃ ላይ ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም ተምረነዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ ገባሩ ተገላገለ። በዚያው አዋጅ ግን የጥገናው በጀትም አብሮ ተሻረ፤ ይህን የሚያነሣ ሰው ብዙ አላገኘሁም።

የገበሬው ቤትስ? የላስታ የቆየ ቤት፣ አይቶት የማያውቅ ቢኖር፣ ክብ ነው፤ በቀይ ድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው፤ ሻል ያለ ሰው ሲሆን ባለ ደርብ ነው። ከታች ከብት ያድራል፤ በውጭ በኩል በድንጋይ ደረጃ ወደ ላይ ተወጥቶ ሰው ይኖራል። ክዳኑ ሣር ነው። ይህን ቤት ለመሥራት ገንዘብ የሚባል ነገር ብዙ አያስፈልግም ነበር። ድንጋዩን ጎረቤት በደቦ ያግዛል፤ ጭቃውን ወጣቱ ይረግጣል፤ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ጠላውን ይጠምቃሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህም ብድር ነው፤ ዛሬ ለኔ የተረገጠውን ጭቃ ነገ ለጎረቤቴ እረግጣለሁ፤ ያልመለሰ ሰው ቤቱ ሲያፈስ ብቻውን ያያል። ወለዱ ጠላው ነው ብንል ያስኬዳል። ከሁሉ መካከል ተለይቶ የሚከፈለው አንዱ ዋናው ግንበኛ ነው፤ ይኸውም በእህል ወይም በጨው። ዋስትናው የሰፈሩ ሰው ዓይን ነበር። ግድግዳው በሦስተኛው ክረምት ቢያብጥ ግንበኛው በዚያ ደብር ማኅበር መጠጣት ያፍራል።

ባለሙያን በተመለከተ አገራችን ሌላም ጠባሳ አለባት። እጁን የሚያሠራውን ሰው ስንንቅ ኖረናል፤ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቡዳ እያልን። በጎንደር ዘመን ለነገሥታቱ ከገነቡትና ካነጹት መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ለሙያቸው መሬትም ማዕረግም ያገኙ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን እጃቸውን እየፈለገ ጎረቤትነታቸውን ይሸሽ ነበር። አዲስ አበባ ስትቆረቆርም ምኒልክ ግንበኛና አናጢ ያመጡት ከህንድና ከአርመን፣ ከግሪክና ከኢጣልያ ነው። የሚናቅ ሙያ ደግሞ ትምህርት ቤት አይሠራለትም፤ ስም አይጻፍለትም። ግንበኛው መዝገብ የሌለው ሰው ሆኖ ወደ ሃያኛው ምዕት የገባው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ ባንክ መጥቶ «ምስክር ወረቀትህ የታለ?» ሲለው ምን ያሳየው?

ባንኩ የመጣው ለከተማ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በንጉሠ ነገሥቱ ስም አንድ የቁጠባና የቤት ባለቤትነት ማኅበር ተቋቋመ፤ በዚያው አሠርት በቤት መያዣ የሚያበድር ኮርፖሬሽንም ተጨመረ። ደመወዝ ያለው የአዲስ አበባ ሰው እየቆጠበ፣ እየተበደረ ቪላ ሊያሠራ ቻለ። ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፤ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበት ቤት በምን ይጠገን? ቀበሌው ገንዘብ የለው፤ ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘብ አያፈስ። የአራት ኪሎንና የፒያሳን ዘማማ የጭቃ ቤቶች ያየ ሰው መልሱን አይቷል።

ሁለቱ አበዳሪዎች ደግሞ በዚያው ሰሞን ተዋህደው «የቤቶችና ቁጠባ ባንክ» ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ስሙ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ የብድሩ አስተሳሰብ አንድ ነበር፤ ቤት ማለት አዲስ ቤት ነው፤ አዲስ ቤት ማለት ፕላን ያለው፣ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ፣ ፈቃድ ያለው ሰው የሚሠራው ነው። ለጥገና መበደር ይቻላል፤ ወረቀቱ ግን ለአዲስ ቤት የተሰፋ ልብስ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን ሳላነሣ ባልፍ የሕግ ተማሪ ጓደኞቼ ይታዘቡኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ቤት ጥራትና ጽናት ከርክክቡ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ኃላፊ ነው ይላል። አሥር ዓመት! የሰፈሩን ሰው ዓይን በወረቀት የተካ ድንጋጌ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ እንዲህ ያለውን ተጠያቂ ለማግኘት መጀመሪያ ውል መጻፍ፣ ቀጥሎም ሰውየውን አሥር ዓመት ሙሉ ማግኘት ያስፈልጋል። ቀብድ ተቀብሎ በሳምንቱ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው አንቀጹን አያውቀውም፤ ቢያውቀውም አያስጨንቀውም።

ገንዘቡ ከሩቅ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚታየው ግን እዚያው ላሊበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ውሃውን እንከልክል ተብሎ ሬንጅና ቀይ ቀለም በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ተቀባ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሬንጅ ከላይ የሚወርደውን ሊያግድ ይችል ይሆናል፤ ከውስጥ ያለውን እርጥበት ግን መውጫ ያሳጣዋል፤ ድንጋዩ ከቆዳው በታች ይበሰብሳል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ኢጣልያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ፣ አሜሪካ ላይ በተቋቋመ የሐውልቶች መርጃ ድርጅት ገንዘብ እየተረዳ መጣ፤ ከዋና ሥራዎቹ አንዱም ያንን የቀድሞ ጥገና መፋቅ ሆነ። ልብ በሉ፤ አንድ ጠጋኝ ተከፍሎት የለጠፈውን ሌላ ጠጋኝ ተከፍሎት ይልጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 አብያተ ክርስቲያናቱ በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉባቸው፤ ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የከተማው ሕዝብ «ከላያችን ይነሡልን» ብሎ አደባባይ ወጣ። ብረቱ እንዳይወድቅ ይፈራል፤ ሲነሣም እንዳይጎዳ ይፈራል።

በዚህ መካከል አንድ የተሻለ ነገር ተሠርቷል፤ እሱንም መናገር ይገባል። ያው ቀድሞ አንጄሊኒን የረዳው ድርጅት ስሙን ለውጦ ተመልሶ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሲሠራ የአካባቢውን ልጆች አሠልጥኖ አሠራ። ገንዘቡ ከሩቅ ነው፤ እጁ ግን የአገር ነው። እነዚያ እጆች ዛሬም አሉ። ጥያቄው ሌላው ቤት፣ ሰው የሚኖርበት ቤት፣ ምን ያህል ያገኛቸዋል የሚለው ነው።

ሰው የሚኖርበት ቤት ስል ሌላ ብድር ትዝ አለኝ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ለቱሪዝም ልማት 35 ሚሊዮን ዶላር ለአገራችን አበደረ። ላሊበላ ከድርሻው አገኘች፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎችም ካሳ እየተሰጣቸው ኩራኩር ወደሚባል ስፍራ ተዛወሩ። ክብ የድንጋይ ቤቶቹ «ቅርስ ናቸው» ተብለው ብዙዎቹ አልፈረሱም። ጥሩ። ነገር ግን የሣር ቤት እሳት ይፈልጋል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ነው ሣሩን ከነቀዝ፣ ማገሩን ከምስጥ የሚጠብቀው፤ እናቶቻችን ዓይናቸውን እያሻሹ ሳያውቁት ጣሪያ ሲጠግኑ ኖረዋል። ሰው የወጣበት ጎጆ በጥቂት ክረምት ይጎብጣል። ሰውን አስወጥቶ ቤቱን ማቆየት የሚቻል የመሰለው ሰው ስለ ድንጋይ እንጂ ስለ ቤት አልተማረም።

አሁን ከዘመዴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰነድ ስለሌለው እንደ አፈ ታሪክ ቁጠሩት። የእናቴ ወንድም ላሊበላ ከተማ ውስጥ ባለ ደርብ አሮጌ ክብ ቤት ገዛ። ካርታ ነበረው። ሐሳቡ ታች ለራሱ፣ ላዩን ለእንግዳ ማከራየት ነው፤ ጊዜው ከወረርሽኙ በፊት ነበርና ፈረንጅ በሽ በሽ ነው። የቁጠባ ገንዘቡ ቤቱን ገዝቶ አለቀ፤ ለጥገናው ከባንክ ሊበደር ተነሣ። ባንኩ የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ ፕላን፣ የሥራ ዝርዝር ከነዋጋው፣ ፈቃድ ካለው ተቋራጭ ጋር የተፈረመ ውል።

አጎቴ መጀመሪያ የሄደው ወደ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው፤ በዚያ አገር ድንጋይና ጭቃ ከርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም ይባላል። ሽማግሌው ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ በበትራቸው ከደረጃው ሥር ያለውን ድንጋይ መታ መታ አድርገው ጆሮ ሰጡ።

«ቤቱስ ጤነኛ ነው፤ ውሃ ነው የጠጣው፣» አሉት።

«አንቱ፣ ታዲያ ስንት ያስወጣኛል?»

«ሳይፈታ በምን አውቄው፣ ልጄ? በቀን እየከፈልኸኝ ስንፈታው እናየዋለን እንጂ።»

ሽማግሌው አልዋሹም፤ የጥገና ሥራ ጠባዩ ይኸው ነው። አዲስ ግንብ በሜትር ኩብ ይለካል፤ የአሮጌ ግድግዳ ሆድ ግን ካልተከፈተ አይታይም። ስለዚህ ጥገናን በሐቅ የሚያውቅ ሰው ዋጋ አይቆርጥም፤ ዋጋ የማይቆርጥ ሰው ደግሞ ለባንክ ተቋራጭ አይደለም። ከላይ የተናገርሁት የሁለት ሰዎች ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው ሰው ከሌላ ከተማ የመጣ ባለ ፈቃድ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አየ፤ ወደ ውስጥም አልገባ። በሳምንቱ አራት ገጽ ዝርዝር ላከ፤ ተራ ቁጥር አንድ «ነባሩን አፍርሶ ማንሣት» ይላል። ከዚያ ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ። የባንኩ መሐንዲስ ዝርዝሩን ወደደው፤ እያንዳንዱ መስመር ልክና ዋጋ አለው። አጎቴ «ያረጀ ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ወስጄው ሬሳ ሣጥን ዋጋ ነገሩኝ» እያለ ዛሬም ይስቃል፤ ያኔ ግን አልሳቀም። በለስላሳ ድንጋይና በጭቃ ግንብ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ራሱ ችግር ነው፤ ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ ውሃም አያስተነፍስም፤ ግድግዳው እርጥበቱን ውጦ ከኋላው ይፈረፈራል። የሬንጁ ታሪክ በትንሹ ማለት ነው።

መጨረሻው እንዴት ሆነ? በአገራችን እንደሚሆነው ሆነ። አንድ ፈቃድ ያለው ሰው ተገኘ፤ ለስሙና ለማኅተሙ ድርሻውን ወሰደና ፈረመ፤ ሥራውን ሽማግሌውና ሁለት ልጆቻቸው ያዙ። የመጀመሪያው ገንዘብ ተለቀቀ። ባንክ ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ የተሠራውን አይቶ ቀጣዩን ይለቃል። መሐንዲሱ ሊያይ መጣ። ቅጹ ላይ በተራ «መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ» ይላል። ሽማግሌው ደግሞ የጀመሩት ከላይ ነው፤ የበሰበሰውን ሣር አወረዱ፣ የግድግዳውን አናት ፈትተው መልሰው ገነቡ፣ ከዚያ ወርደው ውሃው ከቤቱ ሥር እንዳይተኛ ቦይ ቀደዱ። በቅጹ መሠረት ግን መሠረት ዜሮ፣ ግድግዳ ዜሮ፣ ጣሪያ ጭራሽ ከዜሮ በታች፤ የነበረውም ወርዷልና! መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ገንዘቡ ሳይለቀቅ ሰኔ ገባ።

ክዳን የሌለው የጭቃ ግንብ ላይ የላስታ ክረምት ሲወርድበት ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። በሸራ ሸፈኑት፤ ሸራው በንፋስ ተነሣ። ያዳነው ከባንኩ ውጭ ያለው ነገር ነው። አጎቴ ዕቁቡን ተራ ለምኖ አስቀድሞ ወሰደ፤ የሰፈሩ ሰው ቅዳሜ ወጣ፤ ሣሩ በአህያ ከሩቅ ቀበሌ መጣ። ሣሩም እኮ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግጦሹ ታርሶ አልቆ የክዳን ሣር ከቆርቆሮ እየተወደደ ነው፤ ሰው ቆርቆሮ የሚመርጠው ስለ ሠለጠነ ብቻ አይደለም። ሁለት ሽማግሌዎች ከላይ ሆነው ከደኑ፤ ከታች ያለነው እያቀበልን፤ እኔም ነበርሁ፤ አንገቴን ሣር በልቶኝ ሳምንት አሳከከኝ። የባንኩ ሁለተኛ ገንዘብ በነሐሴ መጣ።

እንግዲህ እንደ ታሪክ ተማሪ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ቆሟል። በባንኩ መዝገብ ቤት ያለው ውል፣ ማኅተምና ደረሰኝ ግን ያን ቤት የጠገነው ባለ ፈቃዱ ሰው ነው ይላል፤ ሰውየው የቤቱን ደረጃ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። የዛሬ መቶ ዓመት አንዷ ተማሪ ሰነዱን አግኝታ ጥናት ብትጽፍ ማንን ትጽፋለች? ሽማግሌው አይኖሩበትም፤ ቅዳሜ የወጣው ሰውም የለበትም። ስለ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ጠራቢዎች የምናውቀው ትንሽ የሆነውም እንዲህ ባለ መንገድ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ፤ ስም የሚመዘገበው ከገንዘቡና ከማኅተሙ በኩል ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር ነው ብዬ እንዳላጋንን ስለ ውጭውም ጥቂት ልበል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ዋስ የሚሆንለት «203 ኬ» የሚባል የብድር ዓይነት አለ፤ የመግዣውንና የመጠገኛውን ገንዘብ በአንድ ብድር ያጠቃልላል። የጥገናው ድርሻ በአደራ ሂሳብ ይቀመጣል፤ ሥራው እየታየ ይለቀቃል። ያም ቢሆን ዋናው ራስ ምታት ተቋራጭ ማግኘት ነው፤ ሠርቶ፣ አስመርምሮ፣ ከዚያ ክፍያ ጠብቆ የሚችል ግንበኛ እዚያም አይበዛም። ልዩነቱ እዚያ ጥገና ራሱን የቻለ የብድር ስም ማግኘቱ ነው፤ በጥገና የሚከሰት ያልታሰበ ወጪም ከመጀመሪያው የመጠባበቂያ ገንዘብ ይያዝለታል። የኛው ሽማግሌ «ሳይፈታ አይታወቅም» ያሉትን እዚያ አንድ የሂሳብ መስመር አድርገውታል።

በኛም ዘንድ ለዚህ የቀረበ ነገር አልጠፋም ነበር። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአጭር ስሙ አብቁተ፣ ካርታ ለሌለው ገበሬ በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር፤ አምስት ስድስት ሰው እርስ በርሱ ይዋዋሳል። ይህ ከደቦው ጋር ሥጋ ዝምድና አለው። ገንዘቡ ግን ለበሬ፣ ለበግና ለንግድ እንጂ ለአሮጌ ቤት ግድግዳ ተብሎ የታሰበ አልነበረም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል። ባንክ ሲሆን የቡድን ዋስትናውን ለግንበኛም ቢያስፋፋው፣ ማለት አምስት ግንበኞች እርስ በርስ ተዋውሰው አንድ ውል ቢፈርሙ፣ የአጎቴ ዓይነቱ ሰው ማኅተም ለመከራየት አይገደድም ነበር ብዬ እገምታለሁ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጓደኞቼ ሐሳቤን ቢያፈርሱት አልቀየምም።

ያኔ በብድር የጠገኑት ሁሉ እንደ አጎቴ አልቀናቸውም። ለእንግዳ ብለው የተበደሩ ብዙ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣና እንግዳው ቀረ፤ ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች፤ በ2016 ዓ.ም. ዳግመኛ ተኩስ ተሰማባት። ዕዳ ግን ጦርነት አያቋርጠውም፤ ወለዱ በተኩስ ውስጥም ይቆጥራል። አልጋ ያነጠፉበት ክፍል ባዶ ሆኖ ወርሃዊውን ለመክፈል ወደ አዲስ አበባ የወረዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ሽማግሌው ግንበኛ አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቱንቢ መያዝ ትተዋል። ታላቁ ልጃቸው ፈቃድ ሊያወጣ ሞክሮ የትምህርት ማስረጃ ተጠይቆ ተመልሷል፤ ታናሹ ብሎኬት ይደረድራል፤ ቀን ገቢው ከአባቱ ይሻላል። እኔ ባለፈው ክረምት ተቀምጬ የክቡን ቤት ክፍሎች ስም፣ ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ፣ ከአፋቸው ጽፌአለሁ፤ ሁለት ደብተር ሞላ። የጭቃው ድብልቅ ግን ገና ነው፤ ጭዱ ስንት ቀን እንደሚቦካ ስጠይቃቸው «እጅህን ክተትና እየው» ነው የሚሉኝ። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከመቄትም የመጣችሁ ልጆች እንዲህ ያለ ሰው በአገራችሁ ካለ ለዕረፍት ስትገቡ ጠይቁልኝ፤ በተለይ ግንበኛው ሒሳቡን እንዴት እንደሚዋዋል፣ በቀን ነው በቁርጥ፣ ዋሱስ ማን እንደሆነ።